አራት ጣት የረዘመው ዘንግ

አሮጌ የካምቢዮ ዘይት ምን ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሻገተ ነጭ ሽንኩርትና የተጫረ ክብሪት አንድ ላይ የሆኑ ይመስላል። ባለፈው በጋ ነገሌ ሄጄ፣ ከገበያው በታች ባጃጅ በሚጠገንበት መደዳ ሳልፍ፣ አንድ ወጣት የተቃጠለ ዘይት ከጣሳ ወደ ጣሳ ሲገለብጥ ሽታው መጣ። አብራኝ የነበረችው ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ሮጠች። እኔ እዚያው ቆምኩ። ወጣቱ «እናቴ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት፤ ግን ቶሎ አልሄድኩም።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ በጋ ሽታ ነው። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከፊቱ የእናቴ የጨርቅ ሱቅ ነው፤ ጓሮው ደግሞ የአያቴ የብረት ክምር። አባቴ ለንግድ ዶሎ ስለሚመላለስ ቤቱን የሚገዙት አያቴ ነበሩ። ከተማው «ሾፌር ቃሲም» ይላቸዋል፤ እኛ አባባ እንላቸዋለን። ከነገሌ ሻሸመኔ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። በጦርነቱ ጊዜ መኪናቸው ለግዳጅ ተጠርታ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝናል፣ ያማርራል፣ ከዚያ ይረሳል። አባባ ግን መኪና መሥራት ጀመሩ። መግዛት አላልኩም፤ መሥራት ነው ያልኩት። ሻንሲው፣ የመኪናዋ አጽም፣ ገደል ከገባ መኪና የተረፈ ነው፤ ሞተሩ ከሌላ፣ ጎማዎቹ ደግሞ ሁለቱ ከአንድ ሁለቱ ከሌላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሯችን ውስጥ ቆማ ዶሮ ስታድርባት ኖረች።

ዘሃራ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «አሮጊት ታደርጊኛለሽ» እያለች አክስት ብዬ እንዳልጠራት ከልክላኛለች። ለትምህርት ቤት የምትቀሰቅሰኝ፣ በየሳምንቱ ፀጉሬን የምትሠራልኝ፣ አባባ ሲቆጡ ከቀሚሷ ኋላ የምትደብቀኝ እሷ ናት። እማዬ ሱቅ ስለምትውል ያሳደገችኝ ዘሃራ ናት ብል እማዬም አትቀየመኝም።

በዚያ በጋ መጀመሪያ ከሻኪሶ ሽማግሌዎች መጡ። ሙሽራው ጀማል የሚባል አስተማሪ ነው። ነገሩ ሁሉ በሰላም ካለቀ በኋላ ሙሽራዋ በምን ትሄዳለች የሚለው ቀረ።

«መኪና እኛ እናመጣለን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

አባባ ደማቸው ፈላ። «ሃያ ዓመት ጥሩምባ እየነፋሁ የሰው ሙሽራ ሳደርስ ኖሬ፣ የገዛ ልጄን በሰው መኪና ልስደዳት? እኔው ነድቼ አደርሳታለሁ!»

«በየትኛው መኪና፣ ሾፌር?»

አባባ በጣታቸው ወደ ጓሮ አመለከቱ። ዶሮዋ በዚያው ቅጽበት ከሞተሩ ላይ ዘልላ ወረደች። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸው እንዳያመልጥ የሻይ ብርጭቋቸውን አነሱ። ብዙ ከተባለ በኋላ ተስማሙ። ሠርጉ ጋና፣ ማለትም ትልቁ ዝናብ፣ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ሐሙስ ይሆናል። እስከዚያ የአባባ መኪና ከተነሳች በእሷ፣ ካልተነሳች በሙሽራው ወገን መኪና።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባባ እናቴን «ይቺ መኪና ሳትነሳ ዘሃራ ከዚህ ግቢ አትወጣም፤ አልኩሽ!» ሲሏት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሙሽራው ወገን መኪና የሚባለው ነገር ከጭንቅላቴ ወጣ። የአያቴ ቃል አንድ ነው። መኪናዋ ካልተነሳች ዘሃራ አትሄድም። እንዲህ ነበር የገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመኪናዋ አንድ ብሎን በታሰረላት ቁጥር ዘሃራ ካለችበት ሄጄ እቀመጥ ጀመር።

ካምቢዮው በጥር መጣ። ማርሽ የሚቀያየርበት ከባድ የብረት ሣጥን ነው። አባባ ክዳኑን ከፍተው «ጥርሱ ደህና ነው» ሲሉ ሰምቼ፣ ሁለት ቀን አጠገቡ አልደረስኩም። ያ ሽታም ያን ቀን ነው ከቤታችን የገባው፤ እማዬ ጨርቆቹ ሸተቱ ብላ የሱቁን የጓሮ በር መዝጋት ጀመረች።

ችግሩ ካምቢዮውና ሞተሩ የአንድ መኪና አለመሆናቸው ነበር። የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው አይገጥምም። አባባ ከሁለቱ መሃል የሚገባ ወፍራም ብረት ቆርጠው፣ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ አሥራ ሁለት ቀዳዳ በሱለት። እሳቸው ይጫናሉ፣ እጀታውን እኔ አዞራለሁ፤ ለአንድ ቀዳዳ አንድ ሙሉ ከሰዓት። እየጠላሁ አዞርኩ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፤ ዘሃራ ቅቤ ቀባችልኝና «ጎበዝ» አለችኝ። ለምን ጎበዝ እንዳለችኝ አልገባኝም። መሄጃዋን እየሠራሁ አልነበር?

ሊገጠም ሲል ማንሻ አልነበረንም። አባባ ሦስት የግራር ግንድ አናታቸውን አስረው አቆሙ፤ ከዚያ ሱቅ ገቡና ስድስት ክንድ አቡጀዴ ቀደው ወጡ።

«አባባ! የሽያጭ እኮ ነው!» እማዬ እየተከተለች ጮኸች።

«ነገ ታጥቢዋለሽ።»

ያ አቡጀዴ ዕድሜ ልኩን አልነጣም። ካምቢዮውን በእሱ እንደ ሕፃን አዝለው ከግንዶቹ ላይ አንጠለጠሉት። ጎረቤታችን ኦቦ ገልገሎ፣ ግመል ሲጭኑ ያረጁ ጉልበተኛ ሰው፣ ከኋላ ሆነው ይገፋሉ፤ አባባ ከፊት ይመራሉ። ከካምቢዮው የወጣችው ጥርሳም ብረት ከሞተሩ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለባት። አልገባም አለች። ሦስት ቀን ገፉ። ኦቦ ገልገሎ መጨረሻ ላይ ለግመል የሚሉትን ዜማ በኦሮምኛ ያንጎራጉሩለት ጀመር፤ ካምቢዮው ግን ከግመልም የባሰ ነበር። እኔ ከእንጨቱ ሥር ተቀምጬ ዱዓ አደርጋለሁ፤ እንዳይገባ።

በሦስተኛው ቀን ዘሃራ ምሳ ደርሷል ልትል ወጣች። ቆም ብላ አየቻቸው። «አባባ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ሲል እኮ አይገፋም፤ ዞር ዞር ይደረጋል። እስቲ ከጀርባው አዙሩት» አለች።

አባባ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ደክሟቸው ነበር። አዞሩት። ካምቢዮው አንዴ ጠቅ አለና ሰተት ብሎ ገባ። ከኋላ ሲገፉ የነበሩት ኦቦ ገልገሎ አፈር ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ዘሃራን ሦስት ቀን አኮረፍኳት፤ በገዛ እጇ!

ከዚያ የቀረው ዘንጉ ነበር። ከካምቢዮው ተነስቶ በመኪናዋ ሆድ ሥር እስከ ኋላ የሚዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ ሲጮኽ ይውላል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። አባባ ያገኙት ዘንግ የትልቅ መኪና ስለነበር መቆረጥ ነበረበት። «ነገሌ ቆርጦ የሚበይድ አይጠፋም፤ ግን ቶርኖ ላይ ታስሮ ቀጥ ካላለ መኪናዋን እንደ ወባ ያንዘፈዝፋታል» አሉ። ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚያስተካክለው ማሽን፣ ያለው ሻኪሶ ነው። ስለዚህ ዘንጉን ከነልኩ በጭነት መኪና መላክ ነው።

ልኩ ሲባል ሲባጎ ነው። አባባ ዓይናቸው ቅርብ ነገር አያይላቸውም ነበር፤ ከኋላ ጎማዎቹ መሃል የሲባጎውን ጫፍ ይዘው ተኙ። እኔ መቀስ ይዤ ከካምቢዮው ሥር ተኛሁ።

«ወጥሪው! የካምቢዮው ጫፍ ላይ ደረሰ?»

«ደርሷል አባባ።»

«ቁረጪ!»

እዚህ ላይ ስለ እማዬ ሱቅ ልናገር። ስምንት ዓመት ከሞላኝ ጀምሮ ጨርቅ እለካለሁ። እማዬ መጀመሪያ ያስተማረችኝ መለካት ሳይሆን ልክ ላይ አለመቁረጥን ነው። የባላገር ሴት ጨርቅ ስትገዛ «መርቂልኝ» ማለቷ አይቀርም፤ ሳትጠይቅሽ መርቂላት ትለኛለች፤ ልኩ ላይ ስትደርሺ አራት ጣትሽን አስቀምጪና ከዚያ ወዲያ ቁረጪ። «ልክ ላይ የሚቆርጥ ነጋዴ ደንበኛውን ነው የሚቆርጠው» ትላለች። ሁለት ዓመት ያለ አራት ጣት የቆረጥኩት ነገር አልነበረም። እናም አባባ «ቁረጪ» ሲሉ አራት ጣቴ ሄደው ሲባጎው ላይ ተኙ፤ መቀሱ ከእነሱ ወዲያ ቆረጠ።

በዚያች ቅጽበት ዘሃራ ከማድቤት ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ይህንንም የምናገረው መደበቅ ስለማልፈልግ ነው።

ዘንጉ ከሻኪሶ ሲመለስ ለሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር። አዲስ ብየዳው እንደ አምባር ያበራል። አባባ እጃቸውን ታጠቡ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ብረት ለመንካት። ፊተኛውን ጫፍ ካምቢዮው ላይ አሰሩ። ኦቦ ገልገሎ የኋላውን ጫፍ ወደ ቦታው አነሱት። አልገባም። ከሚታሰርበት ብረት አልፎ ወጣ።

«ይገባል፣ ግፋው!»

«ሾፌር፣ ይሄ የሚገፋ አይደለም። ረዝሟል።»

አባባ በጀርባቸው ተኝተው ገቡ። ትርፉን በጣታቸው ለኩት፤ ሦስት ጣት። «ሁለት ጣት ቢሆን ኖሮ ዘንጉ ራሱ ጥቂት ወደ ውስጥ ይሰበሰብ ነበር። ይሄ ግን...» አሉ። ከዚያ ጠሩኝ። «ፈትያ፣ ኮቱ፣ ነይ። እጅሽን እዚህ አድርጊ።»

ከሥር ገብቼ እጄን ትርፉ ላይ አስቀመጥኩ። የእሳቸው ሦስት ጣት የእኔ አራት ነበር፤ አንዲት ፀጉር አይተርፍም፣ አይጎድልም። አባባ ጣቶቼን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

«እንዲህ መለካት ማን አስተማረሽ?»

«እማዬ» አልኩ።

እማዬ ከሱቁ በር «እኔ ስለ ጨርቅ ነው ያስተማርኳት!» ብላ ጮኸች። «ጨርቅ ይታጠፋል፤ ብረት በየት በኩል ይታጠፋል?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፣ «ዘሃራ እንዳትሄድባት ብላ ነው እንጂ ይቺ ልጅ እንዲህ አትሳሳትም» አለች።

ዘሃራ ልብስ ስታሰጣ ነበር፤ ዞር ብላ አየችኝ። ከአባባ ጥፊ ይልቅ ያ ዓይን አስፈራኝ። አይደለም ልል ፈለግሁ፤ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን እኔም አላውቀውም። እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

አባባ አልመቱኝም። አቧራቸውን አራግፈው ተነሱና «ለቅሶ ዘንግ አያሳጥርም» አሉ። «ያጣመመች እጅ ታቅናው። ነገ እንደገና ትለካለች፤ ከነገ ወዲያ እኔና እሷ ሻኪሶ እንሄዳለን። ሐሙስ ገና ነው።» ኦቦ ገልገሎ ሌላ ሰው ይለካ ሊሉ ሲጀምሩ አባባ እጃቸውን አነሱ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

በማግሥቱ ጠዋት አዲስ ሲባጎ መጣ። «ያኔ ባዶዋን መለካታችንም የእኔ ጥፋት ነው» አሉ አባባ። «መኪና ሰው ሲጫንባት ዝቅ ትላለች። በዚያ ቀን እንደምትሆነው አድርገን እንለካ።» ኦቦ ገልገሎን ከፊት አስቀመጧቸው። ካምቢዮው የሌላ መኪና ስለሆነ የማርሹ እጀታ የወጣው በተሳፋሪው ጉልበት መሃል ነበር፤ ሰውየው እግራቸውን ከፍተው እንደ ግመል ጋላቢ ተቀመጡ። ዘሃራን ከኋላ ከነሠርግ ሻንጣዋ አስቀመጧት። መኪናዋ ጥቂት ወረደች። አባባ ከኋላ ተኙ፤ እኔ ከካምቢዮው ጀምሬ በጀርባዬ እየተሳብኩ ገባሁ።

ወለሉ ገና ሳንቃ አልተመታለትም። ቀና ስል የዘሃራን እግር አየሁ፤ ከዚያ አጎንብሳ ፊቷን በብረቶቹ መሃል አሳየችኝ። በመሃላችን አንድ ክንድ አይሞላም።

«ፈትያ» አለች በሹክሹክታ። «እውነቱን ንገሪኝ። ሆን ብለሽ ነው?»

«አላውቅም።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። «ረዝሟል ሲሉ እኔም ደስ አለኝ» አለች። «ልብሱን እያሰጣሁ ደስ አለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«አሁንስ?»

«አሁን መሄድ እፈልጋለሁ። ፈርቻለሁ፤ ግን መሄድ እፈልጋለሁ።» እጇን አውርዳ በአቧራ የተሞላ ግንባሬን ጠረገችልኝ። «ልክ ላይ ቁረጪ።»

አባባ ከኋላ «ምን ትንሾካሾካላችሁ? ደረሰ?» አሉ።

ሲባጎው የካምቢዮው ጫፍ ላይ ነበር። ጣቶቼ ከልምድ የተነሳ ሊሄዱ ሲሉ ጨብጬ ያዝኳቸው። እንዲህ ከባድ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር፤ አንድ ሲባጎ። ሦስት ጊዜ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ከዚያ ምንም ሳልጨምር ልኩ ላይ ቆረጥኩ።

ሻኪሶ ወርቅ መሬት ላይ ይፈሳል ብለው የክፍል ጓደኞቼ ነግረውኝ ነበር። ያየሁት ቀይ አፈርና ጫማቸው በቀይ አፈር የተለወሰ ሰዎች ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ቀጭን መነጽራም ሰው ሮጦ መጥቶ «አካም ነጋ፣ አባባ» ብሎ ጎንበስ አለና ዘንጉን ከጭነቱ ላይ አውርዶ በነጭ ሸሚዙ ትከሻ ላይ አጋደመው። ጀማል ነበር። እኔ ሙሽራውን ጢማምና ጨካኝ አድርጌ ነበር የሳልኩት፤ ዘሃራን የሚነጥቀኝ ሰው መነጽር ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም። ዘንጉን እስከ ቶርኖ ቤቱ ተሸከመ፤ ሸሚዙ በቅባት ተበላሸ፤ እሱ ግን «ዘሃራ ምን ትወዳለች? ምን ምን ልግዛ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። የምትወደው ሻይ ከቅርንፉድ ጋር እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ የማትወደውንም ጨመርኩለት፤ ረጅም ዝርዝር ነበር። ሁሉንም በጽሞና ሰማኝ።

የቶርኖው ባለሙያ ሲባጎዬን ዘንጉ ላይ ዘርግቶ አየ። «ይሄኛው ልክ ነው?» አለ፤ የጠየቀው አባባን ነበር። አባባ ወደ እኔ አዩ።

«ልክ ነው» አልኩ።

ቆርጦ በየደው። ከዘንጉ የተረፈችውን የቱቦ ቁራጭ አባባ አንስተው ሰጡኝ፤ አሁንም ትሞቅ ነበር። እስከ ነገሌ በጉልበቴ ላይ ይዣት መጣሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ዘንጉ ተገጠመ። ፊተኛው ጫፍ ታሰረ፤ የኋላው ተነስቶ ቦታው ላይ አረፈ፤ ብሎኖቹ አንድ ባንድ ገቡ። አባባ ሞተሩን አስነሥተው ማርሽ ሲያስገቡ እኔ ከጎን መሬት ላይ ተጋድሜ በሥር አየሁ። ዘንጉ ዞረ። የትም አልነካም፣ አልተንቀጠቀጠም። መኪናዋ ሁለት ዓመት ከቆመችበት ቦታ ወጣች፤ ዶሮዋ እየጮኸች ተከተለቻት። ኦቦ ገልገሎ «ወይ ሾፌር! ወይ ሾፌር!» እያሉ ጭብጨባቸውን አቀለጡት። አባባ መሪውን ይዘው አለቀሱ፤ አባባን ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዘሃራ ለመልበስ ሳትገባ አስቀምጣኝ ፀጉሬን ሠራችልኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሙሽራ ፀጉር ስትሠራ አይተን አናውቅም እያሉ ሳቁባት። ስትወጣ ያቺን የቱቦ ቁራጭ ሰጠኋት። ምን እንደሆነች አልነገርኳትም። አራት ጣቷን ላይዋ ላይ አሳርፋ ለካቻት፤ ሦስቱ ብቻ በቁ። ከሻንጣዋ ውስጥ በአዲስ ልብሶቿ መሃል ጠቅልላ አስቀመጠቻት። አባባ ጥሩምባውን ነፉ፤ ሠፈሩ ሁሉ ወጣ፤ መኪናዋ አቧራዋን አስነሥታ በሻኪሶ መንገድ ሄደች። ጓሮው ውስጥ የቀረው የዘይት እድፍና ያ ሽታ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ሆነ። ፀጉሬ ከጎን በኩል መፈታት ጀምሯል። አንዲት የባላገር አሮጊት ስድስት ክንድ ጨርቅ ጠየቁኝ። ለካሁ። ልኩ ላይ ስደርስ መቀሱን ደቅኜ ቆምኩ፤ እጄ አልሄድ አለኝ።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ አትመርቂልኝም?» አሉ አሮጊቷ።

አራት ጣት ጨመርኩ። ከዚያ ጨርቁን እንደገና ዘረጋሁና አንድ ክንድ ሙሉ ጨመርኩ። እንባዬ ጨርቁ ላይ እየወረደ ቆረጥኩት።

እማዬ ከወዲያኛው መደርደሪያ አይታኝ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ጆሮዬ አይተርፍም። መጣች፤ ጨርቁን ራሷ አጣጥፋ ለአሮጊቷ ሰጠቻቸው። መቀሱን ከእጄ ተቀበለችና የሱቁን በርጩማ ወደ ደጃፉ ሳበችው።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «ፀጉርሽን ልሥራልሽ።»